«ልውጣ» ያለ ጥያቄ ምልክት

ኮዳው ሙሉ ሆኖ ይመለስ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ሞልቼ ቦርሳዋ ጎን የምሰካው፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ሮዝ ኮዳ፣ ማታ ሰርቪሱ አውርዷት ስትገባ እንደሄደ ይመለሳል። መጀመሪያ ረስታው ነው ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ የቧንቧው ውሃ ጣዕሙ አልተስማማት ይሆናል ብዬ የታሸገ ገዛሁ። እሱም ሙሉ ሆኖ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት እንደ መርማሪ ፖሊስ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። ልጄ 2ኛ ክፍል ናት፤ 8 ዓመት ሊሞላት 2 ወር ይቀራታል። እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬ፣ ውሃ ከጠጣሁ እኮ ሽንቴ ይመጣል። ሽንቴ ከመጣ ደግሞ ሚስ አትፈቅድም።»

ከዚህ የጠራ አመክንዮ ከአንድም ባለሥልጣን አፍ ሰምቼ አላውቅም። ችግሩን አጠናች፣ ምንጩን ለየች፣ በጀት የማይጠይቅ መፍትሔ አመጣች፦ አለመጠጣት። የ7 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት ገብታ በመጀመሪያ የተማረችው ነገር የገዛ ሰውነቷን ማድረቅ ሆነ።

በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። ሌሊት «ያቃጥለኛል» እያለች እያለቀሰች ከሽንት ቤት ወጣች። ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ያቺን ክዳን ያላትን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጡን፤ ውጤቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆነ። ሐኪሟ መድኃኒቱን እየጻፈች ቀና ብላ «ውሃ ትጠጣለች? ሽንቷንስ ትይዛለች?» አለችኝ። ለሁለቱም ጥያቄ መልሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አፈርኩ።

በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ እሱን የጠራሁ እንደሆነ ሌሎቹ ንጹሕ ይመስላሉ፣ አይደሉምም። ዩኒት ሊደሩ ትሑት ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ ኮሙኒኬሽን ቡኩን ገልጦ ከሽፋኑ ውስጥ የተለጠፈውን ደንብ በጣቱ አሳየኝ። ቁጥር 9፦ በክፍለ ጊዜ መካከል ወደ መጸዳጃ ቤት መውጣት አይፈቀድም። «እርስዎም ፈርመውበታል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፊርማዬ አለ። መስከረም ላይ የደንብ ልብሱን፣ የመጽሐፉንና የሰርቪሱን በአንድ ቀን ስከፍል ያቀረቡልኝን ወረቀት ሁሉ ፈርሜአለሁ። መሐሉ ላይ «ቤቴን ሽጡት» የሚል ቢሰነቅሩበት ኖሮ እሱንም ፈርሜ ነበር።

ልጄ እኮ ታመመች አልኩት። «ችግር የለውም» አለኝ፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ርኅራኄ ነበረበት፤ «የሐኪም ማስረጃ ያምጡልንና ለእሷ ለብቻዋ እንፈቅድላታለን።»

እስቲ ይህችን ዐረፍተ ነገር መለስ ብላችሁ አንብቧት። ልጄ እንደምትሸና የሚያረጋግጥ፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት! መተንፈሷንስ ወረዳው ይጽፍላት ይሆን? ወረቀቱን ግን አመጣሁ። ልጄ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ መግባቷ አይቀርምና ፈራሁ። አሁን ከክፍሏ 46 ልጆች መካከል ሕጋዊ ሽንት ያላት ብቸኛዋ ተማሪ የእኔ ልጅ ናት። ተነሥታ ስትወጣ «እሷ እኮ በሽተኛ ናት» ይሏታል። ይህን የምጽፈው ወረቀት ለሌላቸው ለ45ቱ ነው።

ከቢሮው ወጥቼ በአጥሩ ዞርኩ። በግንቡ የውጭ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ያስቀጣል» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር አንድ ክራቫት ያሰረ ጎልማሳ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ቆሟል። ማንም አላስቆመውም። ዘበኛው እንኳ አይቶ ዞር አለለት፤ ይሉኝታ ይዞት። አንድ ግንብ ነው። በወዲያኛው ወገን ሙሉ ሰው ክልክል የሚለውን ጽሑፍ እያነበበ ይሸናል። በወዲህኛው ወገን የ7 ዓመት ልጅ፣ መጸዳጃ ቤት እያለ፣ እጇን አውጥታ እየለመነች ትከለከላለች። በዚህ ከተማ ሽንትን የሚመለከት ሕግ የሚሠራው ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሩብ በማይበልጥ ሰው ላይ ብቻ ነው።

የትልልቆቹን ስብሰባ ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው ንግግሩን ሳይጨርስ ሰው ውልቅ ውልቅ ይላል፤ የ15 ደቂቃው የሻይ እረፍት 1 ሰዓት ይፈጃል፤ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የወጣው ሰውዬ ለምሳ ነው የሚመለሰው። እስቲ አንድ የመምሪያ ኃላፊ ብድግ ብሎ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ሽንቴ ስለመጣ ይፈቀድልኝ» ሲል፣ ሰብሳቢውም «ቅድም ለሻይ ወጥተህ አልነበር? ምን ስትሠራ ቆየህ? ቁጭ በል!» ሲለው አስቡት። ትስቃላችሁ። በየክፍሉ በየ40 ደቂቃው የሚደረገው ይኸው ነው፤ እዚያም ይሳቃል፣ በልጁ።

«እረፍት ላይ ለምን አልሄድሽም?» ይህች ጥያቄ የአገሪቱ መምህራን ሁሉ የጋራ ሀብት ናት። እኔ የፊዚክስ ሰው ስለነበርኩ በቁጥር ልመልስላቸው። ያን ቀን ልጆቹ ክፍል ውስጥ ሳሉ ዩኒት ሊደሩን አስፈቅጄ የሴቶቹን መጸዳጃ ቤት አየሁ (እዚያ ቤት ለመቁጠርም ፈቃድ ያስፈልጋል)። በሮቹ ሰባት ናቸው። አንዱ «የመምህራን» ተብሎ ተቆልፏል። አንዱ ተበላሽቶ በሽቦ ታስሯል። የሚሠሩት አምስት ናቸው። በእረፍቱ ደወል አብረው የሚወጡት ሴት ልጆች ስንት ናቸው ብዬ ጠየቅሁ፤ 320። ለአንድ በር 64 ልጅ ማለት ነው። እረፍቱ 15 ደቂቃ፣ ይኸውም 900 ሴኮንድ ነው። አካፍሉት፤ ለአንዲት ልጅ 14 ሴኮንድ ይደርሳታል። በ14 ሴኮንድ ውስጥ የሹራቡ ዚፕ አለ፣ የሱሪው ቁልፍ አለ፣ የማይዘጋውን በር ከውጭ የምትይዝላት ጓደኛ መፈለግ አለ፣ ውሃ የሌለው ቧንቧ አለ። ምሳ ዕቃ ተከፍቶ መክሰስ የሚበላውም በዚያው 15 ደቂቃ ነው። የ6ኛ ክፍሎቹ ጉልበት አላቸውና ይቀድማሉ፤ የ2ኛ ክፍሏ ወደ ኋላ እየተገፋች ደወሉ ይደወላል። «እረፍት ላይ ምን ስትሠሪ ነበር?» ወረፋ ላይ ነበረች፣ ክቡር መምህር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ለትምህርት ቤቶች ባወጣው መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መጸዳጃ፣ ለወንዶች ደግሞ ለ50 አንድ እና ከእሱ ጋር መሽኛ ይላል። በዚህ ሒሳብ ለ320ዎቹ 13 በር ያስፈልጋል። ያለው 5 ነው። እንግዲህ ደንብ ቁጥር 9 የተጻፈው የጎደሉትን 8 በሮች ለመሸፈን ነው። በር ለመሥራት ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮና አናጢ ይገዛል፤ መከልከል ግን በነጻ ነው። ልጆች በክፍለ ጊዜ መውጣት የሚፈልጉትም አብዛኛውን ጊዜ ሊያሾፉ አይደለም። ያ ቤት ባዶ የሚሆነውና የሚገፋቸው የማይኖረው ያኔ ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ እንግዲህ ገንዘብ የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ነው። በሩ ወድቆ በጨርቅ የተጋረደበትን፣ ጉድጓዱ ሞልቶ ልጆች ወደ ቁጥቋጦ የሚሄዱበትን የገጠር ትምህርት ቤት አላነሣሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጻድቅ ሆኜ ልታይ አልፈልግም።

ሚሊኒየሙ ሊብት ጥቂት ወራት ሲቀሩ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ 2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። አስተምር ነበር ማለት ይከብዳል፤ ዘመኑ የፕላዝማ ዘመን ነው። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚያስተምረው በሳተላይት የሚመጣው መምህር ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ለእኛ የቀረልን የመግቢያና የመዝጊያ ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። እና በሩ። በሩ የእኛ ነበር። ቴሌቪዥኑ ጠመኔውን ሲወስድብን በሩን ሙጭጭ አድርገን ያዝነው። ማን ይወጣል፣ ማን ይገባል፣ ማን አርፍዶ ይንበረከካል፤ ይህን ፕላዝማው ሊወስን አይችልም። ስለ ሥልጣን ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ትንሽ ሥልጣን ከትልቁ ይልቅ ለምን እንደሚመር የገባኝ ግን እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው።

የዕለቱ ትምህርት የኬፕለር ሕጎች ነበር። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ልውጣ?» «ከእረፍት ከገባን 10 ደቂቃ አልሞላንም፤ ቁጭ በይ።» ጥቂት ቆይታ ደገመች። «ለምን?» አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ በ60 ሰው ፊት። መልስ አልሰጠችም። ወንዶቹ ሳቁ። እኔም፣ ይህን መጻፍ ያስጠላኛል፣ አብሬአቸው ፈገግ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችም። ቸርኬው ሲመታ ክፍሉ ተነሥቶ ወጣ፤ እሷ አልተነሣችም። ጓደኛዋ ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችላትና ሁለቱ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ያኔ ነው አግዳሚው ላይ የቀረውን ያየሁት። ሽንት አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ቀረች። ተመልሳ መጣች፤ እኔ ክፍል ውስጥ ግን እጇን ዳግመኛ አላወጣችም። ለመውጣትም፣ ለመጠየቅም፣ ለመመለስም። ከዚያ በፊት ታወጣ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። ኬፕለር ሕጎቹን ያወጣው ታይኮ ብራሄ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ ዕድሜ ልኩን ከለካቸው የሰማይ ልኬቶች ነው፤ ይህን እናስተምር ነበር። ያላስተማርነው አሟሟቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1601 ፕራግ ውስጥ ግብዣ ተጠርቶ፣ ከማዕድ መነሣት ነውር መስሎት ሽንቱን ይዞ ተቀመጠ። ቤቱ ሲገባ ሽንቱ እምቢ አለው፤ ከግብዣው በ11ኛው ቀን ሞተ። ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን ረዳቱ የነበረው ራሱ ኬፕለር ነው። እኔ ያችን ልጅ ቁጭ በይ ያልኳት የዚያን ሰውዬ ሥራ እንዳያመልጣት ብዬ ነበር።

ደግሞስ አንዲት ልጃገረድ በወር አበባዋ ጊዜ ምን ብላ ትጠይቅ? ፍሬወይኒ መብራህቱ ታጥቦ የሚደገም ሞዴስ በማምረቷ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ስትባል አገር አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ሞዴሱ ተሠራ፤ መቀየሪያው በር ግን አሁንም በመምህሩ እጅ ነው።

የሥራ ጓደኞቼ የነበሩት እዚህ ሲደርሱ ይቆጣሉ፤ የሚሉትንም አውቀዋለሁ፣ ራሴ ስለው ኖሬአለሁና። አንዱን ስትፈቅድለት አምስት ይከተለዋል። ስልክ ሊነካካ ነው። አጥር ዘሎ ቢጠፋ ወላጅ አንገት የሚያንቀው እኔን ነው። ሁሉም እውነት ነው። 60 ልጅ ታቅፎ፣ ደመወዙ ወሩን ሳያጋምስ የሚያልቅበት ሰው ላይ ሌላ ሸክም መጫኔንም አውቃለሁ። እሱስ ቢሆን ይይዝ የለ? አራት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ቆሞ የሚያስተምር ሰው መቼ ይወጣል? አንዳንዴ ጭካኔው የሚመጣው ከዚያ ይመስለኛል፤ እኔ ከያዝኩ አንተ ምን ቤት ነህ? ታዲያ ይህ የመምህሩን ወገብ የሚያሳምም በደል ከሆነ ከዳይሬክተሩ ጋር ይጣላበት እንጂ ለምን በልጅ ላይ ያወራርደዋል?

አንዱ ስላጭበረበረ 59ኙ ሲቀጡ አባቶቻችን የተረቱለት ተረት አለ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ስልክ የሚነካካውን ስልኩን ውሰዱት፤ ፊኛው ምን አደረጋችሁ? በየቀኑ አራቴ አምስቴ እየወጣ የሚያስቸግር ልጅ ካለም ደብተር አውጡና ጻፉት፤ ከዚያ ወላጁን ጥሩ። ልጅ ላይ የስኳር በሽታ ሲጀምር ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች መካከል ውሃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናት ይገኙበታል። እናንተ «አጭበርባሪ» ያላችሁት ልጅ ለሐኪም የሚሆን መልእክት ይዞ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሒሳብ ሲሆን ብቻ ሽንቱ የሚመጣውም ቢሆን አንድ ነገር እየነገራችሁ ነው፤ ሒሳቡን ፈርቶታል። የከለከለ መምህር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ የፈቀደና የጻፈ ግን በወር ውስጥ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «መቆጣጠር ይልመዱ» የሚለው ነው። እንደ ጾም፣ እንደ ስፖርት፣ ሲይዙት የሚጠነክር ነገር ይመስል! አማርኛችን ሽንት የሚጠራቀምበትን አካል ፊኛ ብሎ ሰይሞታል፤ ልጆች በልደታቸው ቀን የሚነፉት ያው ፊኛ። ፊኛ ሲወጠር ጠነከረ የሚል ሰው አይታችኋል? የ7 ዓመት ልጅ ፊኛ ሩብ ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ የአዋቂውን ግማሽ ያህል። ሐኪሟ በእስክሪብቶ እየሳለች እንዳስረዳችኝ መውጫው ላይ ሁለት መዝጊያዎች አሉ። አንዱ በራሱ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛውን እኛ እናዝዘዋለን። ልጅ ይህን ሁለተኛውን ቀን ከቀን ጨምድዳ መያዝ ስትለምድ፣ ሽንት ቤት ተቀምጣም በወጉ አይላላላትም። ሳትጨርስ ትነሣለች። የቀረው ውስጥ ያድራል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል። የሴት ልጅ የሽንት መውጫ ደግሞ አጭር ነው፤ ተህዋሲው ከውጭ እስከ ፊኛ የሚሄደው መንገድ ቅርብ ነው። ሰገራም ሲያዝ ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ጎረቤቱን ፊኛ ይጫነዋል፤ ቀን ክፍል ውስጥ የታፈነው ሌሊት አልጋ ላይ ይመጣል። እናትም ጠዋት ፍራሽ እያሰጣች ልጇን ትገርፋለች። ጥፋቱ የተፈጸመው ግን ትናንት አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው።

ትምህርቱስ? ሽንቱ የወጠረው ልጅ ይማራል ብሎ የሚያምን ሰው የራሱን ልጅነት ረስቷል። ጭኗን አጣብቃ፣ እግሯን እያወዛወዘች፣ ሰሌዳውን ሳይሆን የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነው። 4 ደቂቃ እንዳይባክንባት ተብሎ 30 ደቂቃ ተወሰደባት። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም፤ መምህሯ ከመግባቷ በፊት በቁልፍ የሚከፈተው በር ጋ ደርሳ ነው የመጣችው።

ካመለጠውማ አለቀለት። በአማርኛ ፈሪን ሰው «ሽንታም» ብለን የምንሰድብ ሕዝብ ነን። በቅርቡ አንድ ሠርግ ላይ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ስለ አንድ ልጅ ተነሣ። የአባቱን ስም ከመካከላችን የሚያስታውስ ጠፋ። 3ኛ ክፍል ሳለን ያመለጠው ቀን የተሰጠውን ቅጽል ግን ስምንታችንም በአንድ አፍ ጠራነው፤ ከ30 ዓመት በኋላ፣ ጠላ እየጠጣን፣ እየሳቅን። ያን ቀን ልውጣ ብሎ ሦስቴ መጠየቁን ያስታወሰ አልነበረም።

ሕግም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ፣ ከጭካኔና ኢሰብአዊ ከሆነ ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር ይጠብቅ ይላል። አለንጋውን በሕግ ከክፍል አስወጥተነዋል፤ ደግ ነው። አሁን ግን የልጁን ገላ በራሱ ላይ አለንጋ አድርገነዋል፤ ሰንበር ስለማይታይ ቅጣት አይመስለንም። በየዓመቱ ኅዳር 9 ወይም 10 ቀን የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው ያጸደቀው። ልጆች ባነር ይዘው ይሰለፉበታል። ንግግሩ እስኪያልቅ ፀሐይ ላይ ሽንታቸውን ይዘው እንደሚቆሙ አልጠራጠርም።

አያቴ ቤት፣ ገጠር፣ ሰው ከጨዋታ መካከል ብድግ ሲል «ወገቤን ልሞክር» ይል ነበር። ማንም «ቅድም ሞክረህ አልነበር?» አይለውም። እንግዳም ሲመሽበት «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ይላል፤ ባለቤቱ ወግ ነውና «ምነው፣ ትንሽ ብትጫወት» ይለዋል፣ በር ግን አይቆልፍበትም። አማርኛ ውስጥ «ልሂድ» ሁለት ነገር ነው። ልመናም ነው፣ ማሳወቂያም ነው። ልዩነቱ ከኋላው ባለችው የጥያቄ ምልክት ነው። እኔ የምለው ያችን ምልክት ከልጆቻችን አፍ አንሡላቸው ነው። ልጅ «ሚስ፣ ልውጣ» ትበል፤ ጨዋ ልጅ ታሳውቃለች። ሚስም አንገቷን ነቅነቅ ታድርግ፣ ስሟንና ሰዓቱን ትጻፍ። አንዷ ሳትመለስ ሌላዋ አትውጣ፤ ይህ ሥርዓት ነው፣ እስማማለሁ። ፈተና ላይ ሰው አብሯት ይሂድ፤ እሱንም እስማማለሁ። «አይቻልም» ግን መልስ ሊሆን አይችልም፤ ጥያቄ አልቀረበምና።

የቀረው የአናጢና የደወል ሥራ ነው። የትንንሾቹን እረፍት ከትልልቆቹ 15 ደቂቃ አስቀድሙት፤ ወረፋው በአንድ ቀን ይቀልላል። ሽቦ ያሰራችሁበትን በር ጠግኑ። «የመምህራን» የሚለውን ቁልፍ እስከዚያው ክፈቱት፤ መምህሯ ከተማሪዋ ኋላ ብትሰለፍ ምን አለበት? አንድ ቀን ብቻ ትሰለፍና ቁጥር 9ን ራሷ ትሰርዘዋለች።

እኔ በበኩሌ ትናንት ማታ ሰርዤዋለሁ። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፤ ከጎኑም እንደ መስከረሙ ፈርሜበታለሁ። ዩኒት ሊደሩ እስካሁን አልደወለም።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ደብተር ከመግለጣችሁ በፊት የልጃችሁን ኮዳ አንሡና ነቅነቅ አድርጉት። ሙሉ ከሆነ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት እዚያ ቢሮ በር ላይ እንገናኝ። የሐኪም ወረቀት ግን እንዳትይዙ።